ልጆችና እናቴን ይዤ ሲያርጋኦ ደሴት ብሄድ እንዴት ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ዱባይ ነው ምኖረው፣ አብራኝ የምትሰራ ፊሊፒናዊት አገሯ ፊሊፒንስ ስላለው ሲያርጋኦ ደሴት ሳታወራልኝ የዋለችበት ቀን የለም፣ ባለቤቴ ኤፕሪል ላይ እረፍት ስላገኘ በቃ እንሂድ ተባብለናል። የ11 አመቱ ልጄ ሰርፊንግ (በቦርድ ማዕበል ላይ መንሸራተት) ካልተማርኩ ብሎ ይዞኛል፣ ትንሿ ግን 5 አመቷ ነው ዋና አትችልም። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት፣ ጾም ላይ ነው የሚሆነው አሳም አትበላም። ማዕበሉ ከባድ ነው ሲሉ ፈራሁ፣ ልጆች ይዞ የሄደ አለ?

ሚኪ፦
እኛ ሄደናል እህቴ፣ አትፍሪ። ያ የሚያስፈራው ማዕበል ክላውድ ናይን የሚባለው ቦታ ያለው ነው፣ ውሃው ጥልቀት የለውም ከስሩ ደሞ ሹል ኮራል ስለሆነ ጀማሪ አይገባበትም፣ በጣም የሚያይለው ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ስለሆነ ኤፕሪል ጥሩ ነው። ለልጅሽ እዛው አጠገቡ ጃኪንግ ሆርስ የሚሉት ለጀማሪ የሚሆን ቦታ አለ፣ አስተማሪው ቦርዱን ይዞ ራሱ ነው የሚገፋው። የኔ ልጅ በሁለተኛው ቀን ቦርዱ ላይ ሲቆም እናቱ ዳር ላይ ሆና እልልታዋን አቀለጠችው፣ ፊሊፒኖዎቹም አብረው አጨበጨቡ።
መንገዱ ከዱባይ እስከ ሴቡ፣ የፊሊፒንስ ከተማ ናት፣ በአውሮፕላን ነው፣ ከዛ በትንሽ አውሮፕላን 1 ሰዓት ገደማ፣ ከደሴቱ ኤርፖርት እንግዶች የሚያርፉበት ጄነራል ሉና የሚባለው ከተማ ድረስ በቫን።

ሳሮን፦
እዛ ቀኑን የምታቅጂው በባህሩ መሙያና መሸሻ ሰዓት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ያረፋችሁበትን ሰዎች ጠይቂ። ማግፑፑንግኮ የሚባለው ቦታ ባህሩ ሲሸሽ ድንጋዩ መሃል ጥርት ያለ ኩሬ ይቀራል፣ ሲሞላ ግን ይሸፈናል። ድንጋዩ ያዳልጣል ትንሿን እጇን እንዳትለቂ። እናትሽን ዴል ካርመን ውሰጃቸው፣ ባህር ውስጥ የበቀለ ጫካ ነው በጀልባ መሃሉ ይገባል፣ ማዕበል ስለሌለው አይፈሩም።
ለጾሙ ሩዝ፣ አትክልትና ሙዝ እንደልብ ነው፣ ግን አትክልቱ ላይ የሽሪምፕ ድልህ ይጨምራሉ ስለዚህ ሳታዝዢ በፊት አስረጂያቸው። 2021 ዲሴምበር ላይ ኦዴት የሚሉት አውሎ ነፋስ ደሴቱን አውድሞት ነበር፣ ሰዎቹ ቤታቸውን ከዜሮ ነው የሰሩት፣ እነሱ ጋር ብትበሉ ብታርፉ ደስ ይለኛል።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እልልታው አስለቀሰኝ። የእማዬ የግፊት መድሃኒት እዛ ይገኛል?

ሚኪ፦
ለሙሉ ጉዞው የሚበቃ ከነትርፉ ይዘሽ ሂጂ። ካሽም ያዢ፣ መብራት ሲጠፋ በካርድ መክፈል ያስቸግራል። ለትንሿም በልኳ ላይፍ ጃኬት ከዱባይ ግዢ፣ እኛ የተሳፈርንበት ጀልባ ላይ የነበረው ሁሉ የትልቅ ሰው ነበር።