የመሬት ውስጥ መስመሮች ካርታ ለቁፋሮ ፈቃድ ግዴታ ይሁን?

ለክርክር የቀረበ፦ በአዲስ አበባ የውሃ፣ የፍሳሽ፣ የመብራትና የስልክ መስመሮች በአንድ ዲጂታል ካርታ ላይ ሳይታዩ የቁፋሮ ፈቃድ ሊሰጥ ይገባል?

የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ፦ አይገባም። በኮሪደር ልማቱ በእንጨት ምሰሶ ላይ ይንጠለጠል የነበረው ገመድ መሬት ውስጥ እየገባ ስለሆነ፣ ቦዩ ሳይደፈን ቦታውና ጥልቀቱ ካልተለካ፣ በኋላ አስፋልት ቀዶ ከመፈለግ በቀር መንገድ አይኖርም። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ በማሽን የሚቆፍር ሁሉ አስቀድሞ ለካዳስተር (የመሬት ይዞታ ምዝገባ) መሥሪያ ቤቱ እንዲያሳውቅ፣ የመስመር ባለቤቶችም ካርታቸውን እንዲያቀርቡ አስገድዳለች።

ተቋራጭ፦ እኔ እቃወማለሁ፤ የተሳሳተ ካርታ ካርታ ከማጣት ይብሳልና። አንድ ሰፈር ስንቆፍር የተሰጠን ንድፍ የውሃ መስመሩን ከመንገዱ በስተግራ ያሳይ ነበር። ኦፕሬተሩ ይህንኑ አምኖ በስተቀኝ የመቆፈሪያ ማሽኑን ባኬት ሲያሳርፍ የብረቱ ቧንቧ ተሰበረ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጄሪካን ይዞ ሲወጣ የጥገናውን ሂሳብ የከፈልነው እኛ ነን። በካሊፎርኒያ ሳን ብሩኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ፈንድቶ 8 ሰዎች የገደለው የጋዝ ቧንቧም ቢሆን በኩባንያው መዝገብ ላይ ስፌት አልባ ተብሎ ተመዝግቦ ሳለ በብየዳ የተገጠመ ሆኖ ተገኝቷል።

ከቨርጂኒያ የሚጽፍ፦ ወንድሜ ያነሡት ሥጋት ትክክል ነው፤ ነገር ግን መፍትሔው ካርታውን መተው አይመስለኝም። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ 811 ለተደወለበት ቁፋሮ የመስመር ባለቤቶች ባለሙያ ልከው መሬቱን በቀለም ያስቀልማሉ፦ ቀይ ለመብራት፣ ቢጫ ለጋዝ፣ ሰማያዊ ለውሃ፣ ብርቱካናማ ለስልክ፣ አረንጓዴ ለፍሳሽ። እኔ ራሴ ለአጥር ቋሚ ጉድጓድ ልቆፍር ስል ደውዬ፣ ግቢዬ በማግስቱ ሳይሆን ከቀናት በኋላ ተቀልሞልኛል (መጠበቁ ያሰለቻል)። ቀለሙ አጠገብ ማሽን ማስጠጋት አይቻልም፤ በእጅ በጥንቃቄ ይቆፈራል። ቆፋሪው ካርታ እንዲያነብ አይጠበቅም፤ የማመልከቱ ኃላፊነት የባለቤቱ ነው።

ተቋራጭ፦ እንዲህ ከሆነ ሐሳቤን በከፊል እለውጣለሁ። አዲስ የሚቀበር መስመር ሁሉ ተለክቶ ይመዝገብ፤ የድሮው ግን በሙከራ ጉድጓድ፣ ማለትም በእጅ ተቆፍሮ መስመሩ በዓይን ታይቶ፣ ይረጋገጥ፤ የጉድጓዱ ዋጋም በውላችን የሥራ ዝርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ ይግባ። ዛሬ በዶማና በአካፋ የምናጠፋውን ቀን የሚከፍለን ስለሌለ ነው ማሽኑ የሚቸኩለው።