የያሱኒ ባለቤት ማን ነው? ስለ ኢኳዶር የነዳጅ ሕዝበ ውሳኔ የተደረገ ክርክር

ሰላማዊት፦
አቶ ግርማ ትናንት በዚሁ ቡድን ውስጥ «የኢኳዶር ሕዝብ ከያሱኒ ደን ሥር ያለው ነዳጅ እንዳይወጣ ወስኖ በገዛ እጁ ድህነትን መረጠ፤ ያውም ባለቤቱ እምቢ እያለ» ብለው የጻፉትን አንብቤ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 2023 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 59 በመቶ ገደማ የሚሆነው መራጭ በአማዞን ባለው የያሱኒ ብሔራዊ ፓርክ ብሎክ 43 በሚባለው የነዳጅ ክልል ያለው ድፍድፍ ዘይት ላልተወሰነ ጊዜ ከመሬት በታች ይቆይ ብሏል። ይህ ውሳኔ በስሜት የተወሰነ አይደለም። ያሱኒዶስ የተባለው የወጣቶች ስብስብ ሕዝበ ውሳኔ እንዲጠራ በ2014 ከ750 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባስቦ ሲያቀርብ የምርጫው አካል አብዛኛውን ፊርማ ውድቅ አደረገበት፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ሲጎተት ኖሮ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት የፈቀደው በ2023 ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ደጅ ጠንቶ ድምፁን የሰጠን ሕዝብ ድህነትን መረጠ ማለት ሕዝቡን መናቅ ነው። ለመሆኑ አቶ ግርማ «ባለቤቱ» ያሉት ማንን ነው?

ግርማ፦
ወይዘሮ ሰላማዊት፣ ባለቤቱ ያልኩት በስፍራው የሚኖረውን ሰው ነው። ያሱኒ በአብዛኛው የሚገኝበት የኦሬያና ክፍለ ሀገር መራጭ 58 በመቶ ያህሉ ነዳጁ መውጣቱ ይቀጥል ብሏል፤ ጎረቤቱ ሱኩምቢዮስም ያንኑ ደግሟል። የውሳኔውን ሚዛን የደፋው ከአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ከዋና ከተማዋ ከኪቶና ከሌሎች ሩቅ ከተሞች የመጣ ድምፅ ነው። የብሎክ 43 መስክ በቀን 55 ሺህ በርሜል ገደማ ይሰጥ ነበር፤ ከአገሪቱ ምርት ከአሥር በመቶ በላይ ማለት ነው። የመንግሥቱ የነዳጅ ኩባንያ ፔትሮኢኳዶር መስኩ በመዘጋቱ የሚታጣውን ገቢ በዓመት 1.2 ቢሊዮን ዶላር አድርሶታል። ጉድጓዱ ሲዘጋ ሥራ የሚያጣው ኪቶ ያለው መራጭ አይደለም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይባላል፤ እዚህ የተደረገው ይኸው ነው።

መምህር ታደሰ፦
አቶ ግርማ የጠቀሱት ምሳሌያዊ አነጋገር ትልቅ ጥያቄ ያነሣል፤ መልሱ ግን በእርሳቸው ወገን የሚቆም አይመስለኝም። የኢኳዶር የ2008 ሕገ መንግሥት ከመሬት በታች ያለውን የማይታደስ ሀብት የመንግሥት፣ ማለትም የመላው ሕዝብ የማይገሰስ ንብረት ያደርገዋል። የዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 407 በተጠበቁ አካባቢዎች ነዳጅ ማውጣትን ይከለክላል፤ የሚፈቀደው ፕሬዚዳንቱ ጠይቆ ብሔራዊ ምክር ቤቱ ጉዳዩን አገራዊ ጥቅም ብሎ ሲያውጀው ብቻ ነው፤ ካስፈለገም ምክር ቤቱ ሕዝበ ውሳኔ ሊጠራ ይችላል። በኦክቶበር 2013 ምክር ቤቱ ኪቶ ላይ ተሰብስቦ ቁፋሮውን ፈቀደ። ያን ጊዜ ለኦሬያና ነዋሪ የቀረበ የድምፅ ሣጥን አልነበረም። ኪቶ ቁፋሮውን ስትፈቅድ ያልተጠየቀው ባለቤት፣ ሊዘጋ ሲል ብቻ ለምን ይታወሰናል?

ግርማ፦
መምህር፣ የ2013ቱ አካሄድ ትክክል ነበር አላልኩም። አንድ ጊዜ ሳይጠየቅ የቀረ ሰው ሁለተኛም ድምፁ በሌሎች ብዛት ይዋጥ ማለት ግን ፍትሕ አይደለም። ደግሞም በ2018 ሕዝበ ውሳኔ በፓርኩ ውስጥ ለነዳጅ የሚውለው መሬት ከ1,030 ወደ 300 ሄክታር ዝቅ ብሏል፤ ሰዎች የማይነኩት ቀጣናም እንዲሰፋ ተወስኗል። አንድ ሚሊዮን ሄክታር ከሚጠጋ ደን ውስጥ 300 ሄክታር! ይህ ሚዛኑን የጠበቀ መፍትሔ ነበር፤ ለምን በአምስት ዓመት ውስጥ ፈረሰ?

ፍቅርተ፦
የነዳጅ ጉዳት በሄክታር አይለካም፤ ይህ አቆጣጠር ሁልጊዜ ያናድደኛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማክሰስ የተባለው ኩባንያ ብሎክ 16 በተባለው ሌላ የነዳጅ ክልል ያሱኒን ሰንጥቆ መንገድ ሠራ። ኩባንያው የመንገዱን መግቢያ ይቆጣጠር ስለነበር ሰፋሪ እንደ ሌላው አካባቢ አልጎረፈም፤ ነገር ግን የአካባቢው ነባር ሕዝቦች የሆኑት የዋኦራኒና የኪችዋ ቤተሰቦች መኖሪያቸውን ወደ መንገዱ ዳር አዛወሩ፤ ለቀለብ ብቻ ይታደን የነበረው የዱር እንስሳም በመኪና ተጭኖ በናፖ ወንዝ ዳር ፖምፔያ ገበያ ላይ የሚቸረቸር ሥጋ ሆነ። መንገዱ ራሱ የያዘው መሬት ጥቂት ነው፤ የአደኑ ወሰን ግን ከመንገዱ በግራም በቀኝም ብዙ ኪሎ ሜትር ገባ። በያሱኒ አንድ ሄክታር ላይ ብቻ 655 የዛፍ ዝርያ ተቆጥሯል። እንዲህ ባለ ስፍራ «300 ሄክታር ብቻ» ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ ባለቤቱ ልመለስ። በሱኩምቢዮስና በኦሬያና ከድፍድፉ ጋር የሚወጣው ጋዝ ሌት ተቀን በአየር ላይ ይቃጠላል፤ ነበልባሉ ከመኖሪያ ቤትና ከእርሻ ማሳ ብዙም አይርቅም፤ ሌሊቱን በብርሃኑ ተስበው የሚመጡት ነፍሳት ጠዋት ሥሩ ረግፈው ይገኛሉ። ዘጠኝ ልጃገረዶች መንግሥትን ከሰው በ2021 የሱኩምቢዮስ ክፍለ ሀገር ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ለሰው መኖሪያ ከቀረቡት ጀምሮ ነበልባሎቹ ደረጃ በደረጃ እንዲጠፉ አዘዘ። አቶ ግርማ ስለ አካባቢው ሰው ሲናገሩ እነዚህ ልጆች ይቆጠራሉ?

ግርማ፦
ይቆጠራሉ። ያነሡት ታሪክ ግን የእኔን ነጥብ ያጠናክራል። የመጀመሪያው ነዳጅ በላጎ አግሪዮ የተገኘው በ1967፣ ወደ ውጭ መላክ የጀመረው በ1972 ነው። ያ ምድር ሃምሳ ዓመት ሙሉ የአገሪቱን በጀት ተሸክሞ ሲኖር የእርሱ ድርሻ ጭሱና የተበከለው ወንዝ ነበር። ዛሬ ጤና ጣቢያውም፣ ጀልባውም፣ የቀን ሥራውም በኩባንያው በኩል የሚደርሰው ሰው «ይቀጥል» ቢል ነዳጅ ስለሚወድ አይደለም፤ ሌላ የሚደገፍበት ስለሌለው ነው። መጀመሪያ ምትኩን አቅርቡለት፣ ከዚያ ዝጉት።

ፍቅርተ፦
እንግዲያው ይህ የባለቤት ውሳኔ ሳይሆን የአማራጭ ማጣት ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ሃምሳ ዓመት ምትኩን ያላመጣ ነዳጅ ሌላ ሃያ ዓመት ቢጨመርለት ያመጣል ብሎ ማመን ለእኔ ከባድ ነው።

ሄኖክ፦
ሁላችሁም እርስ በርስ ስትካሰሱ እውነተኛውን ተጠያቂ ረሳችሁት። በ2007 ፕሬዚዳንት ራፋኤል ኮሬያ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ቆመው፣ ለዓለም የአየር ንብረት ስንል የያሱኒ ነዳጅ እንዳይወጣ እናደርጋለን፤ እናንተም ከምናጣው ገቢ ግማሹን አዋጡልን የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ2010 846 ሚሊዮን በርሜል ከመሬት በታች እንዲቆይ በ13 ዓመት ውስጥ 3.6 ቢሊዮን ዶላር የሚዋጣበት አደራ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ተቋቋመ። በ2013 ሲቆጠር በእጅ የገባው 13 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ ከተጠየቀው የአንድ በመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለ ደን በየጉባኤው የሚያስተምሩን ሀብታም አገሮች ዋጋው ሲጠየቅ ፊታቸውን አዞሩ። ኮሬያ ለዓለም የሰጡት ዕድል ታላቅ ነበር፤ ያፈረሰውም ዓለም ነው። የኦሬያና ሰው መጮህ ያለበት በኪቶ ላይ ሳይሆን በእነዚህ አገሮች ላይ ነው።

ሰላማዊት፦
ሄኖክ፣ ሀብታሞቹ አገሮች እጃቸውን መሰብሰባቸው እውነት ነው፤ ለዚህ ይቅርታ የለኝም። የኮሬያን መንግሥት ነጻ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ለጋሾችን እየለመነ፣ ገንዘቡ ካልመጣ እንቆፍራለን የሚል ሁለተኛ ዕቅድም በግልጽ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ገንዘብ ሊሰጥ ያሰበ ሰው ነገ መቆፈሩ አይቀርም ብሎ ቢጠራጠር ይፈረድበታል? ኮሬያ በ2013 ሐሳቡን ባቆሙ በዓመቱ ደግሞ የያሱኒዶስ ወጣቶች ፊርማ ውድቅ የተደረገው በእርሳቸው ዘመን ነው። ዕድል የሰጡት እርሳቸው ከሆኑ ሕዝቡ ዕድሉን ልጠቀም ሲል ለምን ተከለከለ?

ሄኖክ፦
ፊርማውን የመረመረው የምርጫ ምክር ቤቱ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ አይደሉም። ከእርሳቸው በፊት የነበረ የትኛውም መንግሥት ነዳጁን ልተወው ብሎ እንኳ አያውቅም። የተፈጥሮን መብት በሕገ መንግሥት ደረጃ ያጸናው የ2008ቱ ሰነድም የወጣው በእርሳቸው ዘመን ነው፤ እናንተ ዛሬ የምትከራከሩበትን ሕግ የሰጧችሁን ሰው ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም።

ሰላማዊት፦
ሕጉን ያረቀቀው በሕዝብ የተመረጠ ጉባኤ ነው፤ ያጸደቀውም ሕዝቡ ራሱ በድምፁ ነው። ውለታው የአንድ ሰው አይደለም።

መምህር ታደሰ፦
የኮሬያን ነገር ለሌላ ቀን ብናቆየው መልካም ነው፤ «ባለቤቱ» የሚለው ገና አልተመለሰም። በያሱኒ ውስጥ ታጋኤሪና ታሮሜናኔ የተባሉ፣ ከውጭው ዓለም ጋር መገናኘትን በፈቃዳቸው የተዉ ሕዝቦች አሉ። የድምፅ መስጫ ወረቀት አልደረሳቸውም፣ ሊደርሳቸውም አይችልም። አቶ ግርማ ባለቤት በስፍራው የሚኖረው ነው ካሉ፣ ከእነርሱ በላይ በስፍራው የሚኖር የለም። የኢንተር አሜሪካን የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2003፣ በ2006 እና በ2013 በእነዚህ ሕዝቦች ላይ ከደረሱት ግድያዎች ጋር የተያያዘውን ክስ መርምሮ መንግሥት ሊጠብቃቸው ሲገባ አልጠበቃቸውም ብሏል፤ በ2025 ይፋ በሆነው ፍርዱም የ2023ቱ ሕዝበ ውሳኔ በተግባር እንዲውል አዟል።

ግርማ፦
መምህር፣ ስለ እነርሱ ያሉትን አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ ዋኦራኒዎች ራሳቸው በአንድ ልብ አልቆሙም። በ2019 የፓስታሳ ክፍለ ሀገር ዋኦራኒዎች በመሬታቸው ላይ የታሰበውን የነዳጅ ጨረታ በፍርድ ቤት አስቁመዋል፤ በብሎክ 43 አካባቢ ካሉት መካከል ግን ነዳጁ ይቀጥል ብለው የተሟገቱም ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ጀግና ስንል የኋለኞቹን በኩባንያ የተገዙ ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ድምፅ የሌላቸውን ስንጠብቅ ድምፅ ያላቸውን እንዳንረግጥ ነው የምለው።

ፍቅርተ፦
የተገዙ ያለ የለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ምን ሆነ? ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ከብሎክ 43 ለመውጣት የሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ነበር። ያ ዓመት ሲሞላ፣ በኦገስት 2024፣ ከሁለት መቶ ከሚበልጡት ጉድጓዶች መንግሥት አንዱን ብቻ ዘግቶ ሥራው እስከ 2029 ይወስዳል አለ። ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኖቦአ ለምርጫ ሲወዳደሩ መዘጋቱን ደግፈው ነበር፤ በጃንዋሪ 2024 ከወንበዴዎች ጋር ጦርነት ላይ ነን ብለው ማዘግየትን አማራጭ አድርገው አቀረቡ። አቶ ግርማ ስለ ምትክ የሚናገሩት ከልብ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ጊዜ ሲገዛ ለኦሬያና የተዘጋጀው ምትክ የት አለ?

ግርማ፦
እኔም የምጠይቀው እርሱን ነው፤ ልዩነታችን እርስዎ ሳይመጣም ይዘጋ ማለትዎ ነው።

ሰላማዊት፦
ምትኩ እስኪመጣ ይቆይ የሚለው ቃል በ1972 ቢነገር ኖሮ እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነበር። 59 በመቶው የወሰነው ይዘጋ ተብሎ ነው፤ ምትኩን ማምጣት የመንግሥት ግዴታ ነው እንጂ ውሳኔውን ላለመፈጸም ቅድመ ሁኔታ አይሆንም።

ግርማ፦
ግዴታውን የማይወጣ መንግሥት ባለበት አገር ቅድመ ሁኔታ ካላስቀመጡ የሚጎዳው ያው የኦሬያና ሰው ነው። ማንም እስካሁን አልመለሰልኝም።