የጃንሆይ ልጅና የልጅ ልጆች ያን ሁሉ ዘመን ለምን ታሰሩ?

የቁስቋም ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። ትናንት የአያቴን ሳጥን ስናራግፍ ከድሮ ነጠላ ስር የጃንሆይ ፎቶ ወጣ፣ አራት ቦታ ታጥፎ እጥፋቱ ነጭ ሆኗል። በደርግ ጊዜ ጎታ ውስጥ ጤፍ አልብሳ ነው ያቆየችው። "እሺ እሳቸውስ ንጉስ ናቸው፣ ሴቶቹ ምን አረጉ?" ብላ እንባዋ መጣ፣ እኔም መልስ አጣሁ። የምታውቁ ንገሩኝ እስቲ።

አዘዞ፦
ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ጭነው 4ኛ ክፍለ ጦር እንደወሰዷቸው ሁሉም ያውቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ የሴት ልጃቸው የልዕልት ተናኘወርቅ ነገር ነው። ባላቸውን ራስ ደስታ ዳምጠውን በ1929 ጣሊያን ገደለባቸው፣ ልጃቸውን እስክንድር ደስታን ህዳር 14 ቀን 1967 ከ60ዎቹ ሹማምንት ጋር ደርግ ረሸነባቸው፣ ነሐሴ ላይ ደሞ አባታቸው ሞቱ ተባለ፣ እሳቸው እስር ላይ ሆነው ማለት ነው። ከሴት ልጆቻቸው ጋር አለም በቃኝ እስር ቤት ከረሙ። የአልጋ ወራሹ ልጅ ልዕልት እጅጋየሁ እዛው እንደታሰሩ በ1969 አረፉ፣ ሌሎቹ ሴቶች የተፈቱት በ1980 ነው። ክስ የለ፣ ችሎት የለ!

ቀበሌ 14፦
እኔም አዝናለሁ፣ ግን ወሎን አንርሳ። በ1965 ሰው በረሃብ መንገድ ዳር ሲረግፍ ቤተመንግስቱ ነገሩን ደብቆ ነው የቆየው። አባቴ ያኔ ሹፌር ነበር፣ ደሴ መንገድ ላይ ያየውን ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ይቆራረጣል። ሹማምንቱ መጠየቅ ነበረባቸው። ልጅ ያላትን እናት ያለፍርድ መቆለፍ ግን ለወሎ ሰው ምን ፈየደለት?

አራዳ ሰፈር፦
የተናኘወርቅ ልጅ የልዕልት አይዳ ባል ራስ መንገሻ ስዩም እኮ ጫካ ገብተው ኢዲዩን፣ ደርግን በመሳሪያ የተዋጋውን ድርጅት፣ ከመሰረቱት አንዱ ናቸው፣ ጄኔራል ነጋ ተገኝም የኛው የበጌምድር ገዥ የነበሩት አብረው ነበሩ። ኢዲዩ በ1969 ሁመራና መተማን ሲይዝ ጎንደር ላይ የንጉስ ፎቶ ቤትህ ከተገኘ ኢዲዩ ነህ ተብለህ አለቀልህ። አያትህ ጎታ ውስጥ የከተቱት ወደው አይደለም ወንድሜ።

የቁስቋም ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ተናኘወርቅስ፣ በወግ ተቀበረች?" አለችኝ።

አዘዞ፦
አዎ በላት። በ1995 አዲስ አበባ ነው ያረፉት፣ አባታቸው ባሉበት ቅድስት ሥላሴ ተቀብረዋል።