የቆርቆሮ ቤት በዓባይ በረሃ ሙቀት፦ ለአዛውንትና ለጨቅላ ምን እናዘጋጅ?

የቆላው
ቤታችን ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርዱ ቆላው ላይ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ውስጡ ከደጅ ይብሳል። ኢንሱሊን የሚወጉ እናት እና የ4 ወር ሕፃን አሉ። ፍሪጅ የለም፤ ውሃ በጄሪካን ነው። በትንሽ ወጪ ከየት እንጀምር?

አናጢው
ከጣሪያው ጀምሩ። ጭቃው ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፤ ጥፋተኛው ቆርቆሮው ነው። ከቆርቆሮው ሁለት ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ የታጠበ የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍታችሁ ወጥሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ክፍተት ዙሪያውን መርጎ መድፈኑ ላይ ነው፤ የታፈነው አየር ይግልና ሙቀቱ ጆንያውን አልፎ ይወርዳል። በሁለቱ ጎን ፊት ለፊት ቀዳዳ ተዉና በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ቆርቆሮ ላይ ሣር መከመርም ይረዳል፣ ማድ ቤቱ ከተያያዘ ግን አትሞክሩት፤ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል።

በምዕራብ በኩል ላለው መስኮት ከውጭ ዳስ ጣሉለት። ውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነው የሚከላከለው። ከረፋዱ 3 ሰዓት መስኮት ይዘጋ፣ ሲመሽ ይከፈት፤ አገሩ የወባ ነውና አጎበር አይረሳ። እንጀራው ጎህ ሳይቀድ ይጋገር።

ነርስ
ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሚፈልግ ጤና ጣቢያው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጥላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። የተጀመረው ብልቃጥ በአብዛኛው ከ30 ዲግሪ በታች 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የናንተን ወረቀቱ ላይ አረጋግጡ። ለዚህ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ሸክላ ድስት ይበቃል፦ መሃሉን አሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቡ፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደኑ፣ ነፋስ ያለው ጥላ ውስጥ አኑሩ። ሸክላው ያልተሟሸ ይሁን፤ ዘይት የጠጣ ሸክላ አያልብም፣ ካላላበ አይቀዘቅዝም።

አዛውንት ጥማቱ ሳይሰማቸው ይደርቃሉ፤ ስለዚህ በየሰዓቱ ግማሽ ብርጭቆ ስጧቸው። ሽንታቸው የጠጅ መልክ ካመጣ አንሷል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው መጠኑን ሐኪም ይወስን። ሁዳዴ የሚውለው በዚሁ ወቅት ነውና የጾሙን ነገር ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ። ሕፃኑ እስከ 6 ወሩ ውሃ አያስፈልገውም፤ ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ አራሷም ትጠጣ። በጋቢ መጠቅለሉ ይቅር።

የቆላው
እርጥብ አንሶላ በር ላይ መስቀልስ?

አናጢው
በመጋቢት ደረቅ አየር ይሠራል። ዝናቡ ሲጀምር ግን አንሶላው ስለማይደርቅ ቤቱን ያፍነዋል።

ነርስ
ውሃው ትንሽ ከሆነ ለአንሶላው ሳይሆን ለሰውነት ይዋል፤ አንገትና ክንድ አርጥቦ ማራገብ ይበልጣል። ሰው ከተቀባዠረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ሙሉ አካሉን አርጥባችሁ አራግቡ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወስዱትም አታቋርጡ። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም አታጠጡ። ፓራሲታሞል የበረሃ ግለትን አያወርድም። እናትየው ከተቀባዠሩ ደግሞ ስኳራቸው ወርዶም ሊሆን ይችላል፤ መለኪያ ካለ እያቀዘቀዛችኋቸው ለኩ። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከሆነ የወባ ምርመራ ይደረግ።