በአውሎ ነፋስ ካርታ ላይ ያለውን ሾጣጣ ቅርጽ ሰዎች ለምን በተሳሳተ መንገድ ያነቡታል?

ጥያቄ፦
የአደገኛ አየር ጠባይ ማስጠንቀቂያዎችን በካርታ መልክ አዘጋጃለሁ። በቅርቡ የአውሎ ነፋስን አቅጣጫ በሾጣጣ ቅርጽ የሚያሳይ ካርታ ሠርቼ ከሙያው ውጭ ላሉ ጥቂት ሰዎች ሳሳይ፣ ቅርጹ ወደ ፊት እየሰፋ የሚሄደው አውሎ ነፋሱ ራሱ እየገዘፈ ስለሚሄድ መስሏቸው ነበር። ከጠርዙ ትንሽ ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው ደግሞ ምንም እንደማያሰጋው አድርገው ተረዱት። ጉድለቱ የሥዕሉ ነው ወይስ የማብራሪያው? ሾጣጣውን ጨርሼ ላስወግደው?

መልስ፦
ጉድለቱ የሥዕሉ ነው ባይ ነኝ። ሾጣጣው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የአውሎ ነፋሱ ማዕከል ወዴት ሊያመራ እንደሚችል ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የሃሪኬን (የከባድ አውሎ ነፋስ) ትንበያ ተቋም የቅርጹን ስፋት የሚወስነው ባለፉት 5 ዓመታት ትንበያዎቹ በምን ያህል ርቀት እንደሳቱ አስልቶ ነው፤ የአውሎ ነፋሱ ማዕከል ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል በቅርጹ ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጎ ስለሚሳል፣ ከሦስት አንዱን ጊዜ ያህል ከቅርጹ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ዝናቡ፣ ነፋሱና ከባሕር ወደ የብስ የሚገፋው ውኃ ደግሞ ከማዕከሉ እጅግ ርቀው ጉዳት ያደርሳሉ፤ ሾጣጣው ስለ እነርሱ አንዳች አይናገርም። በሾጣጣው መሐል የአውሎ ነፋሱን ግምታዊ መንገድ የሚያሳየው መስመርም ራሱን የቻለ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2004 ቻርሊ የተባለው አውሎ ነፋስ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ወደምትገኘው ታምፓ ከተማ ያመራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከዚያ በስተ ደቡብ በፑንታ ጎርዳ አቅራቢያ የብስ ገባ። ቦታው በሾጣጣው ውስጥ ነበር፤ የብዙ ሰው ዓይን ግን መስመሩ ላይ ነበር።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ብስማማም፣ ማስወገዱን ግን አልመክርም። መስመሩን ቢያጠፉት ተመልካቹ በሐሳቡ መልሶ ይሥለዋል። የሚሻለው ሾጣጣውን አንደኛው ካርታ አድርጎ ማስቀረትና ለእያንዳንዱ አደጋ የየራሱን ካርታ መጨመር ነው፤ ለምሳሌ ውኃው ከመሬት በላይ ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ ሰው በራሱ ቁመት ሊለካው ስለሚችል ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባል። የብሪታንያው የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ማስጠንቀቂያዎቹን የሚያወጣው የአደጋውን የመድረስ ዕድልና ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት አንድ ላይ መዝኖ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ ዕድሉ አነስተኛ፣ ጉዳቱ ግን ከባድ የሆነ ሁኔታም ቢጫ ሊሰጠው ይችላል፤ ስለዚህ ቀለሙ ብቻውን በቂ አይደለም። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎችም ስላሉ፣ ደረጃዎቹ በቀለም ዓይነት ብቻ ሳይሆን በድምቀታቸውም እንዲለያዩ ያድርጉ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ከቀለሞቹ አጠገብ ለደረጃዎቹ ስም ብጽፍ ይበቃል?

መልስ፦
ስሙም ሊያሳስት ይችላል። የአሜሪካው የነጎድጓዳማ ማዕበል ትንበያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሚጠቀምባቸው አምስት ደረጃዎች ሦስተኛው «ከፍ ያለ»፣ አራተኛው «መካከለኛ» ይባላል፤ ብዙ ሰው ግን ገልብጦ ይረዳቸዋል። ስለዚህ ስሙን ከ1 እስከ 5 ካለ ቁጥር ጋር ያቅርቡት፤ ከዚያም ስሞቹን በየብጣሽ ወረቀት ጽፈው ካርታውን ላላዩ ሰዎች ይስጡና በቅደም ተከተል እንዲደረድሯቸው ይጠይቁ። ተሳስተው ከደረደሩ ስሞቹን ይቀይሩ።