የልጄ ቫዮሊን ጉዳይ፣ ምክር ፈልጌ ነው

የሜሪላንዷ እናት፦ ሰላም የዲሲ አካባቢ ቤተሰቦች። ልጄ 10 ዓመቷ ነው፣ ሰመር የሙዚቃ ፕሮግራም ገብታ አራተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ስትጀምር የቫዮሊኑ አንገት ላይ ጣት የሚያርፍበት ቴፕ ተለጥፎላት ነበር፣ ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ አነሳችውና ሁለት ቀን ድምፁ እየጠፋባት አለቀሰች፣ አሁን ግን ሲዛነፍ ራሷ ሰምታ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቷን ታኮማትርና ጣቷን ታስተካክላለች። ደስታዬ ልክ የለውም። ጭንቀቱ፣ ባለ ግማሹ የልጅ ቫዮሊን ጠቧታል፣ ከሱ ከፍ የሚለው ባለ ሦስት አራተኛ ያስፈልጋታል፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ በሳምንት አንዴ ለብቻዋ ትማር ተባልኩ፣ ግማሽ ሰዓቱ 45 ዶላር። ወንድሜ በበኩሉ አገር ቤት የእማዬ ቤት ጣሪያ እያፈሰሰ ነው ብሎ በየቀኑ ይደውላል። ሁለቱን አልችልም፣ ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች አባት፦ እህቴ እንዳትገዢ! ተከራዪ። ብዙ አከራዮች ልጅ ሲያድግ በትልቁ ይቀይሩልሻል፣ ከኪራዩም የተወሰነውን በኋላ ስትገዢ ያስቡልሻል። ኮንትራቱን ግን አንብቢው፣ ኢንሹራንሱ ስብራት ይሸፍናል ወይ በይ። ኦንላይን ያለውን ርካሽ አትዪው፣ መቃኛው እየተንሸራተተ ልጅቷ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች፣ የኔ ልጅ እንደዛ ሆኖ ነው የተወው። ለሚቀጥለው ሰመር ደግሞ የታክስ ወረቀትሽንና የትምህርት ቤቱን የነፃ ምሳ ደብዳቤ ይዘሽ ከአሁኑ ስኮላርሺፕ ጠይቂ።

ከቨርጂኒያ፦ ፋፍሳ፣ ያን የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ፎርም፣ ብትሞላስ?

የሁለት ልጆች አባት፦ ፋፍሳ ለኮሌጅ ነው ወንድሜ፣ አታሳስታት።

የጎንደር ልጅ፦ ቴፑ ተነሳ ስትዪ ሆዴ ባባ። ማሲንቆም እኮ አንድ ጭራ ናት፣ ምልክት የላት ምን የላት፣ ጆሮና ጣት ብቻ። የሁለቱም ደጋን የፈረስ ጭራ ነው። ልጅ ሆነን ሰርግ ሲኖር ከአዝማሪው እግር ስር አንነሳም ነበር፣ እዚህ 19 ዓመቴ ነው እስካሁን ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። ትዝታ ቅኝትን አሰሚያት የኔ እህት፣ አምስት ድምፅ ናት ቶሎ ትይዘዋለች።

ከሲያትል፦ ይቅርታ አድርጉልኝና እናት ክረምቱን በባልዲ ውሃ እየቀዳች ቫዮሊን ይቀድማል? የዛሬ ዓመትም ይማሩታል እኮ።

የሜሪላንዷ እናት፦ ወንድሜ ለጣሪያው አምና ልኬያለሁ። ቆርቆሮው አልተገዛም። ይሄን ማለት አልፈለግኩም ነበር።

ከሲያትል፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እማማ ምን አጠፉ?

ከቨርጂኒያ፦ ለወንድምሽ አትላኪ፣ ቆርቆሮ ሻጩን ጠይቀሽ በቀጥታ በባንክ ክፈዪው! እኔ አሁን እንደዛ ነው የማደርገው።

የጎንደር ልጅ፦ ወንድምን አላምንህም ማለት ግን ቀላል ነው እንዴ፣ ቤተሰብ ይበትናል።

ከቨርጂኒያ፦ ውሸት ነው የሚበትነው።

የሜሪላንዷ እናት፦ እባካችሁ አትጣሉብኝ። ነገ እማዬን ራሷን አዋራታለሁ። የሚያከራይ ቦታ የምታውቁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ የግል ትምህርቱን እንዴት እንደምችለው ግን አሁንም አላውቅም። ዓርብ ኮንሰርት አላት፣ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት እዚያ መድረስ አለብኝ፣ ከሥራ የሚተካኝ ሰው እየፈለግኩ ነው።