ክርክር፦ አዲስ ሠራተኛ በስህተቱ የጠፋውን ንብረት ከደመወዙ ይክፈል?

የውይይቱ አስጀማሪ፦ በጣና ዳር ከአስጋሪዎች ዓሣ ተረክቦ ወደ አዲስ አበባ በሚልክ አንድ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከተቀጠረ ገና ሦስተኛ ሳምንቱን የያዘ የመጋዘን ሠራተኛ መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣውን ብሬከር አጥፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ መብራቱ ሌሊት ቢመለስም የሚያነሳው አልነበረምና ለሁዳዴ ገበያ የተዘጋጀው የቆረሶ ፊሌቶ ጠዋት ሲከፈት ተበላሽቶ ተገኘ። ባለቤቱ ኪሣራው በሙሉ ከልጁ ደመወዝ እንዲቆረጥ ወስነዋል። ምን ትላላችሁ?

የሽምብጡ፦ ይክፈል ባይ ነኝ። አስጋሪው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል፣ የአዲስ አበባው ደንበኛ ደግሞ ጭነቱን ይጠብቃል፤ ታዲያ አዲስ በመሆኑ ብቻ ዕዳው ባለቤቱ ላይ ይቅር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ንብረት የተረከበ ሰው ኃላፊነቱንም አብሮ ይረከባል።

የአባይ ማዶው፦ ኃላፊነቱን አልክድም፤ ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ለመሆኑ ብሬከሩን አጥፋ ያለው ማን ነው?

የውይይቱ አስጀማሪ፦ ነባሩ ሠራተኛ ነው። መብራት ሲመለስ ከፍ ዝቅ የሚለው ኃይል ኮምፕረሰሩን እንዳያቃጥል ሁልጊዜ ይጠፋል። መልሶ የማንሳቱ ነገር ግን ለሌሊት ዘበኛው በቃል ይነገር የነበረ ልማድ እንጂ የተጻፈ መመሪያ አይደለም።

የአባይ ማዶው፦ እንግዲያው ልጁ የታዘዘውን ፈጽሟል ማለት ነው! ጉድለቱ የርክክቡ ሆኖ ሳለ ዕዳው ደመወዙ ትንሽ በሆነው ላይ ማረፉ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የለመድነው ቢሆንም፣ ትክክል አይመስለኝም።

የሽምብጡ፦ ቢያንስ ለዘበኛው መንገር ነበረበት። ባለቤቱ ካልተመቻቸው እኮ በሙከራ ጊዜ፣ ማለትም በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ለሥራው ብቁ አይደለም ብለው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱት ይችላሉ፤ ከመባረር መክፈል አይሻለውም?

የአባይ ማዶው፦ እርስዎ ምርጫ ያሉት እኔ ማስፈራሪያ እለዋለሁ። በዚያ ሁኔታ የተፈረመ ወረቀት ስምምነት ነው ብዬ አልቀበልም።

የውይይቱ አስጀማሪ፦ ወረቀቱን ነገ ጠዋት እንዳስፈርመው የታዘዝኩት እኔ ነኝ።

የአባይ ማዶው፦ የጉዳቱ መጠን ከአስጋሪዎቹ ደረሰኝ ጋር ሳይመሳከር፣ የነባሩ ሠራተኛና የዘበኛው ቃልም በጽሑፍ ሳይያያዝ አያስፈርሙት፤ ለባለቤቱም ይህንኑ በደብዳቤ ያሳውቋቸው።